ጣታችን ምን በደለ?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት በቴሌግራም ቻናሉ ማስታወቂያ ለቀቀ። በድረ ገጹ ቀጠሮ ሲይዙ «መዝግብ» የሚለውን ደጋግመው የተጫኑ ሰዎች ተራቸው ተሰርዟል ይላል። ሲስተሙን ያጨናነቁት እነሱ ናቸው አሉ። ቅሬታ ይዘው ለሄዱት የተሰጠው መልስ ደግሞ ይባስ፦ ጥሩ ስልክ ይዛችሁ፣ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሆናችሁ ሞክሩ።

እስቲ ከኔትወርኩ እንጀምር። ገጹን ክፈቱና ክፍት ቀጠሮዎቹ ተዘርዝረው እስኪያልቁ ጠብቁ። ከዚያ ዳታችሁን አጥፉ። አሁን ከላይ የተደረደሩትን የቀበሌ ማጣሪያዎች እየቀያየራችሁ ንኩ። መጀመሪያ ደህና ነው። ቀጥሎ ይጎተታል። ቀጥሎ ድርቅ ይላል። ዳታ ጠፍቶ የሚደርቅን ገጽ ኔትወርክ ምን አገባው? ፒያሳ ሆናችሁ ሞክሩት፣ አዘዞ ወርዳችሁ ሞክሩት፣ ያው ነው።

ጉዱ ኮዱ ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ በብሮውዘር ከፍቶ ማንም ሊያየው ይችላል። ብዙ መቶ ረድፍ አለ፣ በየረድፉ ሦስት በተን። ዲቨሎፐሩ ለእያንዳንዷ በተን የየራሷን የክሊክ ሊስነር፣ ማለትም መነካቷን ጠብቆ ሥራ የሚያስጀምር ኮድ፣ ለጥፎላታል። ይሁን። ግን ማጣሪያ በተነካ ቁጥር ረድፎቹን ይደብቅና ያንኑ የመለጠፍ ሥራ ከሀ ጀምሮ ይደግመዋል፣ የድሮዎቹን ሳይነቅል፣ ማጣሪያዎቹን ራሳቸውን ጨምሮ። ያንኑ ፈንክሽን (ሊስነሩ የሚያሠራውን የኮድ ቁራጭ) ደግመህ ብትሰጠው ብሮውዘሩ ችላ ይልህ ነበር። እሱ ግን በየዙሩ ስም የለሽ አዲስ ፈንክሽን ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አንዱ ሊስነር ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። አምስት ጊዜ ማጣሪያ የነካ ሰው «መዝግብ»ን አንዴ ሲጫን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር 32 የምዝገባ ጥያቄ ይላካል። አሥር ጊዜ ከነካማ 1024! ጣቱ አንዴ ነው የነካው፤ ተሰረዘበት።

መፍትሔው ደግሞ ያረጀ ነው። በተን ስትነካ ክሊኩ እዚያው አይቀርም፤ ከበተኗ ወደ ረድፉ፣ ከረድፉ ወደ ሰንጠረዡ እያለ እስከ ገጹ አናት ይወጣል። ባብሊንግ ይባላል፣ የድረ ገጽ መስፈርቶችን የሚያወጣው ድርጅት ዳብሊው ስሪ ሲ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዶም ኢቨንት መስፈርት (ገጽ ላይ ክሊክና መሰል ነገር እንዴት እንደሚስተናገድ በሚደነግገው) ውስጥ አለ። ሰንጠረዡ ላይ አንድ ሊስነር ብቻ ታስቀምጣለህ። ክሊኩ ሲደርስ ታርጌቱን፣ ማለትም ጣት ያረፈበትን ነገር፣ አይተህ ከየት እንደመጣ ትለያለህ። በተኗ ውስጥ አይኮን ካለና ታርጌቱ እሱ ከሆነብህ፣ ክሎዘስት የምትባለው ፈንክሽን በተኗን ፈልጋ ታመጣልሃለች። ረድፍ ቢጨመር ቢቀነስ ኮዱን አትነካውም። ይኸ ሰውዬ ግን የግቢው በር ላይ አንድ ዘበኛ ሲበቃው ለየክፍሉ ዘበኛ የቀጠረ፣ በየጠዋቱም የትናንቶቹን ሳያሰናብት ሌላ የሚጨምር ባለቤት ነው።

ሺህ ሊስነር ለዛሬ ብሮውዘር ምንም አይደለም የሚሉ ልጆች አሉ። ሺህ ላይ ቢቆም እሺ። አልቆመማ! ፎከስ (ለምሳሌ የጽሑፍ ሳጥን ሲመረጥ የሚነሳው ኢቨንት) ወደ ላይ አይወጣም የሚልም አይጠፋም፤ አቻው ፎከስኢን ይወጣል፣ ደግሞስ እዚህ የምናወራው ስለ ክሊክ ነው። ይህ የጄኪውሪ (የቆየ የድረ ገጽ መሥሪያ ኮድ) ዘመን ብልሃት ነው ያለኝም አለ። የዛሬዎቹ ገጾች የሚሠሩበት ሪአክት ራሱ እኮ ክሊክን በየበተኑ አይለጥፍም። ድሮ ዶክመንቱ (ሙሉው ገጽ) ላይ ያዳምጥ ነበር፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው 17ኛው ቨርዥን ወዲህ ደግሞ አፑ የተሰቀለበት ሥር ላይ።

«ጥሩ ስልክ» የሚሉትን ነገር ተዉት። በየዙሩ እጥፍ የሚሆን ነገር የትኛውንም ስልክ ያንበረክካል፣ ውዱ ስልክ ሁለት ሦስት ዙር ቢያዘገየው ነው። በዚያ ላይ የሕዝብ አገልግሎት የሚሠራው ሕዝቡ በያዘው ስልክ ነው፣ ኃላፊው በያዘው አይደለም።

ሰርቨሩስ? ከአንድ ሰው ባንዴ 32 አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ አንዱን መዝግቦ ሌላውን መጣል አቅቶት ነው? በተኗስ አንዴ ከተነካች በኋላ መልስ እስኪመጣ ብትቆለፍ ምን ነበረበት? አንዱም አልተሠራም። ባለጉዳዩ ላይ መፍረድ ቀለለ። የተሰረዘው ተራ ዛሬውኑ ይመለስ፤ ኮዱን ማስተካከል ለሚያውቅ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም።