ይለማመዳሉ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ አዲሱን አኳሪየሙን ሊያሳየኝ ጠራኝ። ገንዳዋ 60 ሊትር ናት፤ ውስጧ ሲክሊድ የሚባሉ 11 ዓሦች ታጭቀዋል። የቆሮሶ ዘመዶች ናቸው፤ ጠባቸውን ታውቁታላችሁ።

«ይበላላሉ እኮ!» አልኩት።

«ተው ባክህ፣ ይለማመዳሉ።»

ይህችን ቃል እንዴት እንደማከብራት! ይለማመዳሉ ካልን ሰፊ ገንዳ ለምኔ? አንዱ ኦስካር የሚባለው ዝርያ ነበር። ሲያድግ ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ ያኔ እዚያች ገንዳ ውስጥ መዞር ሊቸግረው ነው። ምን አለበት፣ ወደፊት ብቻ የሚያይ ዓሣ ይወጣዋል።

ከሁሉም የማረከችኝ ግን ከማሞቂያው ጀርባ የተለጠፈችው ናት። ቀለሟ ገርጥቷል። «ጭምት ናት» አለኝ። ክንፎቿን አጣብቃለች። «በርዷት ነው፤ ለዚህ እኮ ነው ማሞቂያው ጋ የምትቆመው።» ምግብ ስንጥል ንቅንቅ አላለችም። «ዳይት ላይ ናት።» ጅራቷ ተተልትሏል። «አፈጣጠሯ ነው።» ስንጥቧ እንደ ወናፍ ይከፈታል ይዘጋል። ለዚህኛው ትንሽ አሰበ። «ታወራለች መሰለኝ» አለ። ይሄኔ ኦራተስ የሚባለው ጠበኛ ሲክሊድ ከድንጋዩ ስር ተወርውሮ ጎኗን ነከሳት። ወዳጄ ሽምግልና ገባ። በጣቱ መስታወቱን ኳ ኳ አደረገ። 11ዱም ደንግጠው ተበታተኑ። «አየህ? ይሰሙኛል!» ኦራተሱ ሦስት ሰከንድ ያህል ታርቆ ተመልሶ ነከሳት።

ግማሽ ምክር ሰሚዎችንም ሳላመሰግን አላልፍም። የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች በዛ ሲሉ ጉልበተኛው አንዱን ብቻ ነጥሎ ማሳደድ ያቅተዋል የሚለውን ሰምተዋል። እውነት ነው። ትልቅ ገንዳ፣ ብርቱ ማጣሪያና ቶሎ ቶሎ ውሃ መቀየር ይፈልጋል የሚለው ሲነገር ግን ስልክ ተደውሎላቸው ወጥተው ነበር።

ፈሪዎችም አሉ። ለአንድ ወንድ ሦስት አራት ሴት ያደርጋሉ። እንዳይተያዩ ብለው ድንጋይ ይከምራሉ። አዲስ ዓሣ ከማስገባታቸው በፊት ድንጋዩን ያዘዋውራሉ፤ ነባሩ «ይሄ የኔ ሰፈር ነው» የሚልበት ጥግ እንዲጠፋው። ጉልበተኛውን ለጥቂት ቀን ለብቻው ያገልላሉ። ምን ዓይነት ድካም ነው? «ይለማመዳሉ» ማለት ሲቻል!

ቀልዱን ላቁም። ሐይቅ ውስጥ የተሸነፈ ዓሣ ይሸሻል፤ አሳዳጁም ክልሉን አስከብሮ ይመለሳል። እዚህ ወዴት ይሽሽ? መስታወቱን ያቆምነው እኛ። ቀን ከሌት የሚሳደድ ዓሣ በጭንቀት ብዛት በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይደክማል። ከዚያ ነጭ ነጠብጣብ ይወርሰዋል፤ ባለቤቱም ቁጭ ብሎ በሽታውን ይረግማል። ያ ሁሉ ሲሆን ሶፋው ላይ ሆኖ በስልኩ እየቀረጸ ይስቅ የነበረው ማን ሆነና!

ትናንት ወዳጄ ደወለ። ደስ ብሎታል።

«አላልኩህም? ሰላም ወረደ!»

«ስንት ቀሩ?»

«ኦራተሱ አለ።»

ብቸኝነት እንዳይሰማው ሌላ ሊጨምርለት ነው። ድንጋዩን ግን አይነካም። የለመደው ቤቱ ነዋ።