ተዉ፣ የግፊት ኪኒናችሁን በኦሜጋ አትለውጡ

የሐዋሳ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠንከር ብዬ ልናገራችሁ ነው። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ባንኮኒ ላይ የሚዘረገፈውን ፌስታል በየቀኑ አያለሁ። ከአሜሪካ የተላከ ኦሜጋ ስሪ የሚሉት የዓሣ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ካፕሱል፣ በቴሌግራም የታዘዘ «ደም ሥር የሚጠርግ» ሻይ። ገንዘባችሁ ነው። ግን ይህን ጀመርን ብላችሁ የሐኪሙን ኪኒን ስትተዉ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

በቀደም አንዲት እናት ግፊታቸውን ስለካቸው 180 በ110 ሆነ። «እማማ፣ አምሎዲፒኑን እየዋጡ ነው?» አልኳቸው። «ሴቷ ልጄ ይህን ከላከችልኝ ወዲህ ተውኩት። ያኛው ኬሚካል ነው፣ ኩላሊት ይጎዳል አሉኝ።» ማን እንዳላቸው ጠየቅኩ። ጎረቤት። የዓሣ ዘይቱን ዕቃ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘውታል። አምሎዲፒኑ ከቦርሳቸው ሥር ወጣ፣ ሦስት እሽግ፣ አንዱም ሳይነካ።

እባካችሁ ይህን ወሬ አቁሙ። ኩላሊት የሚጨርሰው ያልታከመ ግፊት ነው። ጎረቤት የሆናችሁ፣ ሰው መድኃኒቱን እንዲተው ስትመክሩ ነገ ስትሮክ ቢመታው ማን ሊጠየቅ ነው?

ስለ ዓሣ ዘይቱም እውነቱን ስሙ። በፈረንጆቹ 2018 ውጤቱ የወጣው ቫይታል የተባለ የአሜሪካ ጥናት ከ25,000 በላይ ሰዎችን ለ5 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። በቀን 1 ግራም ኦሜጋ ስሪ የወሰዱትና ባዶ ካፕሱል የወሰዱት፣ ሃርት አታክ፣ ስትሮክና በልብ ሕመም መሞት አንድ ላይ ሲቆጠር፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበራቸውም። በ2022 ደግሞ ስድስት ማሟያዎች ለ28 ቀን ተፈተኑ፤ የዓሣ ዘይት፣ ቀረፋ፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድ ከነሱ መካከል ናቸው። ሮሱቫስታቲን የምትባለው ኪኒን፣ በ5 ሚሊግራም ብቻ፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከ35 በመቶ በላይ አወረደች። ስድስቱም ግን ከባዶ ካፕሱል የተሻለ ሥራ አልሠሩም። ሐኪም የሚያዘው፣ የተጣራና መጠኑ ከፍ ያለ ኦሜጋ አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ መድኃኒት ነው። በራስ ፈቃድ ብዙ መዋጥ ግን የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል።

ይበልጥ የምሰጋው ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን ለሚወስዱት ነው። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ወጣቶች ብዙ ናቸው። በዋርፋሪን ላይ የእርድ፣ የነጭ ሽንኩርት ወይም የጊንኮ ካፕሱል ሲጨመር ደም አልቆም ሊል ይችላል። ድዳችሁ ከደማ፣ ሽንታችሁ ከቀላ፣ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሂዱ። ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ ቢነካም አትብሉ የሚላችሁ የለም፤ አንድ ሳምንት ጠግቦ በልቶ ሌላውን ሳምንት ጨርሶ መተው ነው የደም ምርመራውን የሚያዛባው። ለግፊት ወይም ለልብ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚባሉትን ኪኒኖች የምትወስዱ ደግሞ የፖታሲየም ማሟያ ሳታማክሩ አትንኩ። ፖታሲየም በደም ውስጥ ከበዛ ልብ ሊያቆም ይችላል።

እህቶቼ፣ ማቅጠኛውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ሲቡትራሚን የሚባል የማቅጠኛ መድኃኒት በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣው ለሃርት አታክና ለስትሮክ ስለሚዳርግ ነው። «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ግን ተደብቆ እየተገኘ ነው። ልባችሁ ድው ድው እያለ «እየሠራልኝ ነው» አትበሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ያደግን ሰዎች ነን። ታዲያ የምትውጡትን ከሐኪም ለምን ትደብቃላችሁ? «ይቆጣኛል» ትሉኛላችሁ። ይቆጣ! ዕቃውን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት።

ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ለዓሣ ዘይት ካፕሱል ይህን ያህል ብር ማውጣታችን ያሳዝነኛል። አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣውን ግዙ፤ ዘይት ውስጥ ከመጥበስ ቀቅሉት ወይም ሾርባ አድርጉት። ተልባና ባቄላም ቤታችሁ አለ። ጨው ቀንሱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ቡና በጨው የምትጠጡም እሱን ቁጠሩት።

ውጭ ያላችሁ ልጆችም ስሙኝ። ፍቅራችሁን አውቃለሁ። በሚቀጥለው ሻንጣ በካፕሱሉ ፋንታ ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ላኩ። እናታችሁ ቡና ከመጠጣታቸው በፊት አምስት ደቂቃ አረፍ ብለው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው ይለኩ። ቁጥሩን የቤቱ ልጅ ደብተር ላይ ይጻፍላቸው። ስልክ ስትደውሉም «ኦሜጋው አለቀ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ስንት ሆነ? ኪኒኑን ዋጥሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።