የአምስት ሳንቲም ጠበቃ

ቆጣቢ ሕግ አውጪ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። በተለይ ቢሊዮኑን በጨዋ ደንብ አሳልፎ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ሚስኪን ሳይንስ አንገቷን ሲይዝ።

በዚህ ሙያ የአሜሪካውን የኔቫዳ ግዛት ሴናተር ሪቻርድ ብራያንን የሚስተካከል አላየሁም። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሌላ ዓለም የራዲዮ ምልክት ይመጣ እንደሆነ የሚያዳምጥ ፕሮጀክት ጀመረ። የታሰበው ለ10 ዓመት ነበር። እሳቸው ግን አንድ ዓመት ታገሡና ይሄ ሁሉ ሚሊዮን ወጥቶ አንድ አረንጓዴ የሌላ ዓለም ሰውዬ እንኳ አልተያዘም ብለው በ1993 አዘጉት። ፕሮጀክቱ እኮ ያዳምጣል እንጂ አይዝም የሚል ነገረኛ አይጠፋም። እና ምን ይጠበስ? ራዲዮ ከፍተህ ዜና አንባቢው ሳሎንህ ካልገባ ራዲዮውን አትጥለውም?

ስንት ተረፈ መሰላችሁ? በዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ከናሳ ባጀት ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም፤ ለየአሜሪካዊው ሲካፈል 5 ሳንቲም አይደርስም። የዚያ ዓመት የፌደራል መንግሥቱ ጉድለት ደግሞ ከ250 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከየ20 ሺህ ዶላሩ አንድ ዶላር የማትሞላ ተቀነሰለት። መቼስ እፎይ ሳይል አይቀርም።

ከሳቸው በፊት የዊስኮንሲኑ ሴናተር ዊሊያም ፕሮክስማየርም ጥሩ ጀምረው ነበር። ገንዘብ አባከነ ለሚሉት የሚሸልሙትን የሽሙጥ ሽልማት በ1978 ለዚሁ ፍለጋ ሰጡ፣ በኋላም ባጀቱን አስቆረጡ። ምን ያደርጋል፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሳጋን ሄዶ ሲያስረዳቸው ሰሙት። ሰሙት! ተቃውሟቸውንም ተዉ። እንዲህ ከተለመደማ ነገ ሕግ አውጪ የሚቀልድበትን ነገር መጀመሪያ አንብብ ሊባል ነው።

ደግሞ ቀልዱ የት እንደሚያዋጣ ማወቅም ብልህነት ነው። የጦር አውሮፕላን ላይ ብትቀልድ ክፍሉን የሚሠራ ፋብሪካ እዚያው ምርጫ ወረዳህ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ማርስ ላይ ግን መራጭ የለም።

የሴናተሩ ኔቫዳ ራሷ በ1996 ምን አደረገች? በረሃ ለበረሃ የሚሄደውን 158 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ቁጥር 375ን፣ «የሌላ ዓለም ፍጡራን አውራ ጎዳና» ብላ ሰየመችው። በራሪ ሳህን የተሳለበት አረንጓዴ ታፔላም ተተከለለት። ቱሪስቱ መኪናውን አቁሞ ሥሩ ፎቶ ይነሳል። እስካሁን ስንት አረንጓዴ ሰውዬ አለፈበት ብሎ የጠየቀ ሴናተር ግን አልሰማሁም።