ሜትሮፖሊስን የጻፈችው ሴት ስሟ የት ሄደ?

ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ ያንን የድሮ የጀርመን ፊልም በዳይሬክተሩ ስም «የፍሪትዝ ላንግ ሜትሮፖሊስ» ነው የሚለው። ያቺን የብረት ሴት ሮቦት ፎቶዋን ያላየ የለም። ታሪኩን ማን ጻፈው ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ዝም ይላል። የጻፈችው ቴያ ፎን ሃርቡ ነች፣ ልብወለዱንም ስክሪፕቱንም፣ ፊልሙ በጥር 1927 (እ.ኤ.አ.) በርሊን ከመታየቱ በፊት ልብወለዱ ወጥቶ ሰው እያነበበው ነበር።

እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ስሟ ሲነሳ የሚነሳበት መንገድ ነው። ያማረው ሁሉ የላንግ፣ ደካማው ሁሉ የሷ። የሜትሮፖሊስ መጨረሻ ላይ በአሰሪና በሰራተኛ መሃል ልብ አስታራቂ ሆኖ ይግባ የሚለው ሃሳብ የዋህ ነው እየተባለ ስንት ዓመት ተተችቷል፣ ልክ ነው የዋህ ነው፣ እኔም አልወደውም፣ ግን ላንግ ራሱ በኋላ ሲጠየቅ ሃሳቡ በዋናነት የሷ ቢሆንም ቢያንስ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፣ ፊልሙን የሰራሁት እኔ ነኝ ብሏል። እሱ ያመነውን ሌላው ለምን ሙሉ በሙሉ እሷ ላይ ይጭነዋል? ጥፋቱ የጋራ ከሆነ እኮ ከመሬት በታች የሚኖሩት ሰራተኞች፣ ከላይ ያለው የሃብታም ከተማ፣ የዋና ገጸ ባህሪዋን የማሪያን መልክ የያዘችው ሮቦት፣ ይሄም ሁሉ የጋራ ነው።

ደግሞ ላንግ ፈልጎ ያወጣት ጀማሪ አልነበረችም። በ1888 ባቫሪያ ውስጥ ነው የተወለደችው፣ መጀመሪያ የቲያትር ተዋናይ ነበረች፣ በ1918 ስለ ህንድ የጻፈችው ልብወለድ ብዙ አንባቢ ነበረው፣ ከላንግ ጋር የተጋቡት በ1922 ነው። ከ1921 እስከ 1933 ላንግ ጀርመን ውስጥ የሰራውን ፊልም ሁሉ ብትቆጥሩ እሷ ያልጻፈችበት የለም፣ ዶክተር ማቡዘም፣ ኒበሉንገንም፣ የህጻናት ገዳዩ ታሪክ «ኤም»ም።

ከሁሉም ግን እኔ የምወደው «ሴት በጨረቃ ላይ» የሚለውን ነው፣ የ1929 ፊልም፣ እሱም ከራሷ ልብወለድ የተሰራ። አማካሪው የሮኬት ሳይንቲስቱ ኸርማን ኦበርት ነበር። በደረጃ በደረጃ የሚለያይ ሮኬት፣ ሮኬቱ ሲነሳ በፍጥነቱ ጫና ምክንያት አልጋ ላይ የሚጋደሙ ተጓዦች፣ ወደኋላ እየተቆጠረ ዜሮ ላይ ሲደረስ መተኮስ፣ ይሄ ሁሉ አለበት፣ የአሜሪካው መንኮራኩር አፖሎ ጨረቃ ላይ ከማረፉ 40 ዓመት በፊት! ሮኬቱ ላይ ደግሞ ፍሪደ የምትባል የስነ ፈለክ ተማሪ ሴት አለች። በእውነቱ ዓለም ሴት ህዋ ላይ የወጣችው እኮ በ1963 ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም እሱን ዘልዬ እሷን ማወደስ አልፈልግም። በ1933 ሂትለር ስልጣን ሲይዝ ላንግ አገሩን ጥሎ ወጣ፣ ተፋቱ፣ እሷ ቀረች። ናዚ ፓርቲ ገባች፣ በናዚ ዘመን ለፊልም ኢንዱስትሪው መጻፏን ቀጠለች። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ካምፕ አስገብተዋት ነበር፣ ከዛ በርሊን ውስጥ ፍርስራሽ ከሚያነሱት ሴቶች ጋር ሰርታለች። ይሄ መጻፍ አለበት፣ በደማቁ መጻፍ አለበት፣ ያንን መንግስት አገልግላለች።

ስሟ የጠፋው ናዚ ስለነበረች ነው የሚሉኝን ግን አልቀበልም። ጀርመናዊውን የሮኬት መሃንዲስ ቬርነር ፎን ብራውንን ተመልከቱ። የናዚ ፓርቲ አባል ነበረ፣ ኤስኤስ የሚባለው የናዚዎች ታጣቂ ድርጅትም ውስጥ ነበረ፣ የሰራው ቪ 2 የሚባል የጦር ሮኬት በእስረኞች ጉልበት ነው ሲመረት የነበረው። በጥቅምት 1942 የጀርመን ሮኬት መሞከሪያ በነበረው ፔነሙንደ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የተተኮሰው ሮኬት ላይ ተስሎ የነበረው ምልክት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ሴት በጨረቃ ላይ»! የሷ ታሪክ። ሰውዬው በኋላ አሜሪካ ሄዶ የጨረቃው ጉዞ ጀግና ተባለ፣ እሷ የላንግ የቀድሞ ሚስት ሆና ቀረች። ወንዱን ስራውንና ወንጀሉን ለይተን ማየት ከቻልን፣ ሴቷ ጋ ስንደርስ ለምን ያቅተናል? ክሬዲቷንም ተጠያቂነቷንም እኩል እንስጣት ነው የምለው።

በ1954 በርሊን ውስጥ ከላንግ ጋር በ1921 የሰሩት ፊልም እንደገና ታይቶ ስትወጣ ወደቀች፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ላንግ ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ ጀርመን ተመልሶ መጀመሪያ የሰራቸው ሁለት ፊልሞች በ1959 ወጡ። ሁለቱም የተሰሩት እሷ በ1918 ከጻፈችው የህንድ ልብወለድ ነው።