ማስተካከያ፦ ማርትሬዛ ብር ላይ ስላለው «1780»

ስለ አልዩ አምባ ገበያ የዕደ ጥበብ ቅርሶች በጻፍነው ላይ፣ አንጥረኞች ወርቅ ይመዝኑባቸው የነበሩትን ማርትሬዛ ብሮች «በ1780 የተመቱ» ብለናቸው ነበር። ስህተት ነው። 1780 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ምስላቸው በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዟል። በዚያው አቆጣጠር ከ1935 ጀምሮ በሮም፣ ቀጥሎም በለንደንና በቦምቤይ የተመታው ጭምር። ምንጫችን የገንዘብ መምቻ ቤቶች መዛግብት ናቸው።

ስለዚህ ብሩ የተንጠለጠለበትን ድሪ ዕድሜ በዚህ ቁጥር መቁጠር አይቻልም፤ በእኛ ጽሑፍ ተመርታችሁ የመዘገባችሁ እባካችሁ አርሙ። ክብደቱ ግን እንዳልነው ነው፦ 28 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ ወቄት፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ነው። የተበሳው ይቀልላል፣ ማንጠልጠያ የተበየደለት ይከብዳል፤ ሁለቱም ለሚዛን አይሆኑም።