ማስተካከያ፦ የብሉቱዝ ስፒከርን ስለ ማገናኘት

ባለፈው ሳምንት ስለ ብሉቱዝ ስፒከር ስጽፍ «ስፒከሩን አብሩት፣ ስልኩ ላይ ፈልጉት፣ የሚስጥር ቁጥር ሲጠይቃችሁ 0000 አስገቡ» ብዬ ነበር። ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛው ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ብሉቱዝ 2.1 የተባለው ስሪት ከወጣ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ስፒከሮች ቁጥር አይጠይቁም። 0000 ወይም 1234 የቆዩት ላይ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው ይብሳል። ማብራት ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። ብዙ ስፒከር ሲበራ መጀመሪያ የሚፈልገው ቀድሞ የሚያውቀውን ስልክ ነው። አራት ኪሎ ያለችው አክስቴ ጽሑፌን አንብባ «0000 የቱ ጋ ነው የሚገባው?» ብላ ደወለችልኝ። ሄድኩ። ታብሌቷ ስፒከሩን ፈልጎ ፈልጎ አጣው። ለካ ስፒከሩ ጓዳ ቻርጅ ላይ ከተሰካው የልጇ ስልክ ጋር ተያይዟል! የልጁን ብሉቱዝ አጠፋን። ከዚያ የስፒከሩን የብሉቱዝ ቁልፍ ሰማያዊዋ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እስክትል ተጭነን ያዝን። ስሙ ታብሌቱ ላይ ወዲያው ብቅ አለ። አክስቴ ነካ አደረገችው፣ መዝሙሩ ቤቱን ሞላው። ቁጥር የሚባል ነገር አልመጣም።

የመብራቱ ቀለምና ቁልፉ ከስፒከር ስፒከር ይለያያል። ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አትጣሏት።

ድሮ ይገናኙ የነበሩት ስልክና ስፒከር አሁን እምቢ ካሉ ደግሞ ስልኩ ላይ የስፒከሩን ስም ሰርዙትና እንደ አዲስ አገናኙ። በስልኩና በስፒከሩ መካከል ስለሚኖረው ርቀት የጻፍኩት፣ 10 ሜትር ገደማ የሚለው፣ እንዳለ ነው፤ መሃል ላይ ግድግዳ ካለ ግን ያንሳል።