ፍጥሞ የግማሽ ቀን ደሴት አይደለችም

የዮሐንስን ራእይ ያነበበ ሁሉ ፍጥሞን በስም ያውቃታል። ዛሬ የግሪክ ደሴት ናት፤ ከቱርክ ጠረፍ ብዙም አትርቅም። በበጋ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ጎራ ይሉባታል። ውጭ አገር ያሉ ወዳጆቼ በዚህ መርከብ እንሂድ ወይ ሲሉኝ፣ ደሴቷን እዩ፣ መርከቡን ግን ተዉት እላለሁ።

ችግሩ ጥድፊያው ነው። ትልቁ መርከብ ከስካላ ወደብ ፊት ለፊት ይቆምና ሰዉን በትንንሽ ጀልባ ያወርዳል። ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ዮሐንስ ራእዩን አየበት የሚባለው ዋሻ፣ ከዚያ ገዳሙ፣ ከዚያ «ቶሎ በሉ!» ዋሻው ጠባብ ነው። ጣሪያው ላይ አለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ምእመናን የሥላሴ ምልክት ነው ይላሉ። ዝቅ ብሎ፣ ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባል፣ ዙሪያው በብር የተለበጠ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ከኋላ እየተገፉ እዚያ ምን ይጸለያል?

ከስካላ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ኮራ የሚወጣ የድሮ የድንጋይ መንገድ አለ። ዋሻውን አልፎ ይሄዳል። ዳገት ነው፣ ግን በእግር ይወጣል። ጫፉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1088 የተመሠረተው ገዳም ቆሟል። የባሕር ወንበዴ ስለሚያስቸግር እንደ ምሽግ ነው የታጠረው፤ ነጫጮቹ ቤቶች ሥሩ ተኮልኩለዋል። ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አይገባም። ነጠላ የያዘች ሀበሻ እዚህ ላይ አንድ ዜሮ ትመራለች።

ፍጥሞን ያተረፋት አውሮፕላን ማረፊያ አለመኖሩ ነው ባይ ነኝ። ሌላዋ የግሪክ ደሴት ሳንቶሪኒ ማረፊያ አላት፤ በመርከብ የሚመጣው ሰው ብቻ ከመብዛቱ የተነሣ በቀን 8,000 የሚል ገደብ ወጥቶበታል። ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2025 በመርከብ ተጓዦች ላይ የጣለችው ክፍያም በበጋው ወራት ለሳንቶሪኒና ለሚኮኖስ 20 ዩሮ፣ ለሌሎቹ ወደቦች 5 ዩሮ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ለፍጥሞም 20 አስከፍላለሁ። ቡና እንኳ ሳይጠጣ ተመልሶ የሚሳፈር ሰው ለስካላ ነጋዴ ምን ይጠቅመዋል?

ከአቴንስ አጠገብ ካለው ከፒሬዎስ ወደብ ፌሪ አለ፤ ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ሌሊት ማደር ይበቃል። ፌሪው በውድቅት ሊያደርሳችሁ ስለሚችል ክፍል አስቀድማችሁ ያዙ፤ በኦገስት አጋማሽ (በእኛ ነሐሴ 9 ገደማ) የግሪኮች የፍልሰታ በዓል ስላለ ያኔ አልጋ በቀላሉ አይገኝም።